13 ሰዓት የተባለው መንገድ

በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የደረሰ ነው። ሲያትል ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ የተነሡ አንድ አባት በሐምሌ ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን በኩል ለመሄድ ትኬት ይፈልጋሉ። ከዋሽንግተን ሲያትል የሚወስደው ርካሽ ትኬት ሊያልቅ ስለነበር ሠራተኛዋ ዋናው ትኬት ሳይቆረጥ እሱን ለብቻው ገዛችው። ዋሽንግተን የሚደርሱበትን ሰዓት ከበረራ መርሐ ግብሩ ላይ አላየችም፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን 11,560 ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር፣ አካፍላ 13 ሰዓት ገደማ አገኘች። አውሮፕላኑ 22:30 (ማታ 4:30) ይነሣል፤ 13 ተደምሮ የሰዓት ልዩነቱ 7 ሲቀነስ ዋሽንግተን ንጋት 04:30 ይሆናል። የ09:00ው የሲያትል በረራ ተገዛ።

አውሮፕላኑ ያረፈው 08:00 ላይ ነው። እሳቸው የፓስፖርት ሰልፍ ላይ እንደቆሙ የሲያትሉ በረራ ሄደ። ሰልፉ ባይኖርም አይደርሱም ነበር። አሜሪካ ሲገባ ሻንጣ መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ይወሰዳል፤ ትኬቱ የተለያየ ሲሆን ደግሞ ሻንጣውን እንደ አዲስ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ ምዝገባውም ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 45 ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋል። ሁለቱ ትኬቶች ስላልተያያዙ ላመለጠው በረራ ተጠያቂ የሚሆን አየር መንገድ የለም። አዲስ ትኬት ተገዛ።

የርቀቱ ስሌት ትክክል ነበር። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ቦሌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛና ጭነት ይዞ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብዳል፤ እንደ ደብሊን ያለ ከተማ ወርዶ መቅዳት ይመጣል። ካርታ ላይ ሲያዩት ትልቅ ዙር ይመስላል፤ ነገር ግን በድቡልቡሏ ምድር ላይ አጭሩ መንገድ ራሱ አውሮፓን አቋርጦ ስለሚያልፍ ደብሊን የምትጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ አንድ ሰዓት ያህል መቆሙና እንደገና ከፍታ መያዙ ነው። ነፋሱም አለ። አትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከፊት ይመጣል፤ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢገፋ እንኳ ብቻውን አንድ ሰዓት ገደማ ያስጨምራል።

ቢሮው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ከትኬቱ ላይ ብቻ ነው። መነሻውም መድረሻውም ሰዓት ወደ ግሪንዊች (የሁሉም አገር ሰዓት ወደሚለካበት ሰዓት) ይመለሳል፦ ከአዲስ አበባው 3 ይቀነሳል፣ በዋሽንግተኑ ላይ በበጋቸው 4፣ በክረምታቸው 5 ይደመራል። 22:30 ወደ 19:30፣ 08:00 ወደ 12:00፤ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል። የአሜሪካ ሰዓት በማርችና በኖቬምበር (በእኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ እና ጥቅምት መጨረሻ ገደማ) ስለሚቀያየር በዚያ ሰሞን የሚጓዝ ሰው ትኬት ሁለቴ ይታያል።

እኚያ አባት ሲመለሱ ስሕተቱን የሠሩት ቤተሰቦቻቸው ናቸው። «ሲሄዱ 16 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል» ብለው መምጫቸውንም በዚያው አሰሉት። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ በቀጥታ ይገባል። ዘመዶቻቸው ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ቦሌ ሲደርሱ እሳቸው ከ2 ሰዓት ጀምሮ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።