ክንፋቸው የተሰበረ ወፎች ሰፈር፣ ኪጋሊ

ኪጋሊ እሄዳለሁ ስትሉ ሁሉም የሚያወራችሁ ስለ ጎሪላ ነው። የጎሪላው መግቢያ ግን በጣም ውድ ነው፤ አይቀመስም። እኔን ደግሞ ከጎሪላው ይልቅ የሳበኝ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ኡሙሳምቢ ቪሌጅ ነው። 21 ሄክታር ረግረግ ነው። ተጎሳቁሎ የነበረውን መሬት አገር በቀል ተክል ተክለውበት እንዲያገግም አድርገውታል። አሁን ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው።

ኡሙሳምቢ የወፍ ስም ነው። የዩጋንዳ ባንዲራ መሀል ያለችው፣ አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋች፣ እግረ ረጅሟ ወፍ። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድባለች። አንደኛው ምክንያት የምትፈለፍልበት ረግረግ እየታረሰ ማለቁ ነው። ሁለተኛው ግን ያሳዝናል፦ ሰው በጣም ስለሚወዳት ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ሀብታሙም ሆቴሉም ለግቢ ማሳመሪያ ይገዛት ነበር፤ በርራ እንዳታመልጥ ደግሞ ላባዋን ይቆርጡታል፣ አንዳንዴም ክንፏን ይሰብሩታል። እንዲህ ያለ ፍቅር ይቅርብን።

ኦሊቪዬ ንሴንጊማና የሚባል የእንስሳት ሐኪም ይሄን አልችልም ብሎ ተነሳ። ከመንግሥት ጋር ሆነው በየግቢው ያሉትን መዘገቡ፣ ሰበሰቡ። ጤነኞቹን አካጌራ ብሔራዊ ፓርክ ለቀቋቸው። መብረር የማይችሉትስ? ጫካ ቢለቀቁ አውሬ ይበላቸዋል። ይሄ ረግረግ ለእነሱ የተሰራ ቤት ነው፤ 50 ያህል ናቸው።

አንዷን ከቅርብ አየኋት። ግራ ክንፏ ትንሽ ወረድ ብሏል። ጉንጯ ነጭ፣ ጉሮሮዋ ስር ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳሩን በእግሯ መታ መታ ታደርጋለች፣ ትቆማለች፣ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ ለቀም። አስጎብኚው ልጅ «ፌንጣ እያስበረገገች ነው» አለኝ። በሰው ግቢ ሲሚንቶ ላይ የኖረች ወፍ ይሄን መልሳ ስታደርግ ማየት ደስ ይላል። መካነ አራዊት ቢያስገቧት ኖሮ ምግቧን በሳህን ነበር የምትጠብቀው። እዚህ ግን ረግረጉ ራሱ ያበላታል፣ ለዚህ ነው መሬቱን ማዳንና ወፏን ማዳን አንድ ሥራ የሚሆነው። ሌሎች ወፎችም ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል፤ በየቅርንጫፉ ድምፅ ነው።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) መላው ሩዋንዳ ውስጥ በቆጠራ የተገኙት ኡሙሳምቢዎች 487 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከ1,200 አልፈዋል። እንዲህ ያለ ዜና ስንቴ ነው የምንሰማው?

ስመለስ አውሮፕላን ውስጥ ሐሳቤ ሁሉ ጣና ነበር። የዚህች ወፍ የቅርብ ዘመድ፣ ጥቁሩ ባለ ዘውድ፣ ጣና ዳር ባለው ረግረግ ይኖራል። እዚያም እርሻው ወደ ውሃው እየገፋ ነው፣ እምቦጩም አለ። እኛ ጋ ግን ክንፋቸው ገና ደህና ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ደንገሉ እንዳይነካባቸው ብቻ ነው። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ያላችሁ፣ አሁን የት የት እንደሚታዩ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ቀጣዩ ጉዞዬ ወደዚያ ነው።