የደንገል ታንኳ ትምህርቴ፦ ሦስተኛው የጎርጎራ ውሎ

ቅዳሜ ለት ገና ሳይነጋ ከጎንደር ወጣሁ። ከአዘዞ ሚኒባስ ይዤ በቆላ ድባ አድርጌ ጎርጎራ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥር ላይ የደንቢያ ሜዳ ደስ ይላል በጣም፣ ጤፉ ታጭዶ አልቋል ሽምብራው ግን እሸት ነው፣ ቆላ ድባ ላይ ልጆች ከነሥሩ ነቅለው እያሰሩ ሲሸጡ አንድ እስር ገዛሁና እየፈለፈልኩ ጣና ብቅ እስኪል ድረስ ሄድኩ። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሜ ቀጥታ ወደ ዳር ወረድኩ።

እንደነገርኳችሁ መጀመሪያ ቀን የተማርኩት ደንገሉን፣ ማለት ፓፒረስ የሚሉትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ማጨድና ማድረቅ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛው ቀን ያሰርኩት እስር ደግሞ ውሃ ላይ ሳይደርስ ተፈታ። አሁን ትንሽ ብትሆንም ሙሉ ታንኳ ሠራሁ።

ደንገሉን ቆርጣችሁ ብታዩት ግንዱ ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ ነው፣ የሚያንሳፍፈው እዛ ውስጥ ያለው አየር ነው። ለዛ ነው በደንብ መድረቅ ያለበት፣ እርጥቡ በራሱ ውሃ ይከብዳል። ሌላው ደሞ እስከዛሬ በትክክል ያልገባኝ ነገር፣ ታንኳ ማለት እንደ ጀልባ ውሃ እንዳይገባ የተዘጋ ነገር አይደለም፣ ውሃው በየስንጥቁ ይገባል ይወጣል፣ ደንገሉ ራሱ ነው የሚንሳፈፈው። መሀል ላይ ሌላ እስር የሚነጠፈውም የሚቀመጠው ሰውና ዕቃው ከውሃው ከፍ እንዲል ነው።

ትልቁ ሥራ ማሰሩ ነው። ወፍራሙን ሥር ወደ ኋላ ቀጭኑን ጫፍ ወደ ፊት አድርጌ ደረደርኩ፣ ገመዱን አዞርኩና በእግሬ ረግጬ ሳብኩ፣ ጠበቀ ብዬ ቋጠርኩ። የሚያስተምሩኝ ሽማግሌ መጥተው እጃቸውን ከገመዱ ሥር ሰደዱት፣ ገባላቸው። «ልጄ፣ ይሄ አልታሰረም» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔኮ ባለኝ ጉልበት ነው የሳብኩት» ስላቸው «አንድ ጊዜ ስበህ ነዋ የተውከው፣ ደንገል ሲታሰር ይሟሽሻል፣ ትንሽ አቆይተህ እንደገና ሳበው» አሉ። ለካ ባለፈውም የተፈታብኝ በዚህ ነው! ውስጡ ስፖንጅ ስለሆነ ሲጨመቅ ይቀጥናል፣ ገመዱ ይላላል። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሦስት ሦስቴ መለስኩበት፣ መዳፌ ቆስሏል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልቀረም።

ገመድ ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» ያላትን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ የሄደው ከዚሁ ከጣና ነው፣ ሠሪዎቹን ያመጣው ከቻድ ሐይቅ። ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክ ላይ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች፣ ከዛ ኋላዋ ውሃ ጠግቦ እየሰመጠ የካሪቢያኗ ደሴት ባርቤዶስ ሳትደርስ ጥለዋት ወጡ። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ የተቆለመመውን የመርከብ ጭራ ወደ መሀል ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ፣ «ራ» ላይ ግን ያ ገመድ ስላልነበረ ነው ኋላዋ የወረደው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የሠሯት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይሄን ድሮ ሳነብ እንዲሁ ታሪክ ነበር የመሰለኝ፣ ቅዳሜ ገመዱን እየሳብኩ ነው በእጄ የገባኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ላይ አወረድናት። መቅዘፊያ ቀርከሃውን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሱሪዬ ወዲያው ራሰ፣ ግን ተንሳፈፈች! ከዳር ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው የሄድኩት፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ግራ ትንሽ ታዘነብላለች፣ የግራው እስር ከቀኙ ቀጥኗል፣ በሚቀጥለው ከማሰሬ በፊት ሁለቱን በገመድ እለካቸዋለሁ። የፊቷ አፍንጫም በቂ ቀና አላለም።

ሽማግሌው ድሮ ደንገሉ ከደጃቸው እንደነበር ነገሩኝ፣ አሁን ዳሩ እየታረሰ እምቦጭ አረሙም እየገባበት ርቀው ሄደው ነው የሚያጭዱት። ይሄን ሲሉ ድምፃቸው ተቀየረ፣ እኔም ምን እንደምላቸው አላወቅኩም።

ታንኳዋን አውጥተን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ዛፍ ላይ አስደግፈን አቆምናት። ልሰናበታቸው ስል «በአሥራ አምስት ቀን ና፣ ሲደርቅ ደግሞ ይላላል፣ አንተው ታጠብቀዋለህ» አሉኝ።