ለበጉ የተጣለው ቅጠል

በዓል ሲቃረብ የግቢ ሥራ ይበዛብናል። ሰው ሁሉ አጥሩ ተከርክሞ፣ ሣሩ ታጭዶ እንግዳ መቀበል ይፈልጋል። ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ደንበኛችን ቤት ችግኝ ይዤ ሄድኩ። በሩ አጠገብ የታሰረው በግ ተዘርግቶ ተኝቷል። አፉን ለሃጭ ሞልቶታል፤ ተቅማጥም ይዞታል። ፊት ለፊቱ ረጃጅም ቅጠል ተበትኗል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰጠው?» አልኳቸው ዘበኛውን።

«ሰሞኑን አጥሩ ሲከረከም ቁርጥራጩ እዚያ ተከምሮ ቀረ። ከሚጣል ብዬ እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ምን ይፈረድባቸዋል? በግ ያሰረ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቅርንጫፉን አንስቼ አየሁት። ቅጠሉ ጠባብና ጠንከር ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው። ከአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ጫፉ ላይ የጠወለገ ሮዝ አበባ ቀርቷል። ኦሊያንደር ነው።

ኦሊያንደር ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ልብን ያውካል። ቅጠሉ ቢደርቅም መርዙ አይለቅም። እርጥቡን ስለሚመራቸው እንስሳት ብዙ ጊዜ ይተዉታል፤ ጠውልጎ ሲደርቅ ግን ይበሉታል። አጥሩን የከረከመው ሰው ይሄን ሳይነግራቸው ነው የሄደው። በጣም ያናደደኝም እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ተጠራ፤ እስኪደርስ በጉ ሞተ። ሥጋው ለውሻም እንዳይሰጥ አሉና ተቀበረ። የቤቱ እመቤት ግን በጉን ረስተውታል። «ልጄ እኮ አበባውን እየቀጠፈ ነው የሚጫወተው!» ይላሉ ደጋግመው።

ኦሊያንደር ድርቅ ይችላል፣ አበባውም ያምራል። ልጅና ከብት ባለበት ግቢ ግን እኔ አልተክለውም። ጓንት አድርገን ከነሥሩ ነቀልነው። ጭሱም ስለሚጎዳ አላቃጠልነውም። በቦታው ሂቢስከስ ተከልን። ፀሐይ ይወዳል። አንዱ አበባ ከአንድ ቀን ብዙም አይቆይም፤ ግን በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሚያብብ በልኩ ከተከረከመ በላይ በላዩ ያወጣል። በግ ቢቀምሰውም አይሞትም።

መንገድ ዳር ችግኝ ስንገዛ የምንጠይቀው የአበባውን ቀለም ነው። እባካችሁ ቅጠሉንም እዩት፣ ስሙንም ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ አትትከሉት። እኛም አሁን ከርክመን ስንጨርስ ቁርጥራጩን መኪና ላይ ጭነን ነው ከግቢ የምንወጣው።