«ፖርቱ ተቃጥሏል» የተባለው ላፕቶፕ

የምሠራበት ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ በወር መጨረሻ የደመወዝ ሰነዱን ቤታቸው ሆነው ነው የሚያዘጋጁት። ቤታቸው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ በቆየበት ጊዜ ከተሠሩት አንዱ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ሞደሙ ሳሎን፣ የሥራ ጠረጴዛቸው ውስጠኛው ክፍል ስለሆነ ዋይፋዩ እዚያ ሲደርስ አቅም ያጣል። ለዚህ ብለው ነው ከሞደሙ እስከ ጠረጴዛው ኬብል ያስዘረጉት።

«ልጄ፣ ኔት እምቢ አለኝ» ብለው ሲደውሉልኝ ብዙ ደክመው ነበር። ኬብሉን ቀይረዋል፣ ሞደሙን አጥፍተው አብርተዋል፣ ላፕቶፑን ሱቅ ወስደው አሳይተዋል። ባለሙያው ሳሎን ውስጥ በዋይፋይ እንደሚሠራና በኬብል ግን እንደማይሠራ ሲሰማ «ፖርቱ ተቃጥሏል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ ይግዙ» አላቸው፤ ፖርት ያለው ላፕቶፑ ላይ ያለውን የኬብሉን መሰኪያ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያሳምን ነው።

«ጋሼ፣ ኬብሉ የተሰካበት ጋ መብራት አለ?»

«አለ። አረንጓዴው በርቷል፣ ሌላኛው ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ሲነቅሉትስ?»

«ሁለቱም ጠፉ።»

የተቃጠለ ፖርት እንዲህ አያደርግም። መብራቱ የሚበራው ላፕቶፑና ሞደሙ በኬብሉ ሲተዋወቁ ነው። እርግጥ መብራት ስላለ ብቻ ኬብሉ ሙሉ ጤነኛ ነው አይባልም። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ አሉ፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለማስተላለፍ ሁለቱ ጥንድ ይበቃል፣ 1000 ለማስተላለፍ ግን አራቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንዱ ሽቦ ተበጥሶም መብራቱ ሊበራ ይችላል። ያኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ፍጥነት መቀነስ ነው። የጋሼ ችግር ጭራሽ አለመሥራት ነበር፤ ያውም በአዲስ ኬብል። ቤታቸው ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ነው፤ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ የላፕቶፑን አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ጠየቅሁ። እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም አድራሻው ራሱ ነገሩን ይናገራል። በ192.168.1 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ሞደማቸው የሚያድለው ስለሆነ በሽታው ሌላ ቦታ ይፈለግ ነበር። በ169.254 ቢጀምር ላፕቶፑ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ኬብልና ሞደም ይጠረጠራሉ። የዋይፋዩ አድራሻ በ192.168.1 ይጀምራል፤ ልክ ነው። የኬብሉ ግን በ10 ይጀምር ነበር። ሞደሙ አልሰጠውም፣ ላፕቶፑም ለራሱ አልፈጠረውም። ሰው የጻፈው ነው።

«ጋሼ፣ ቢሮ ላፕቶፑን የነካው ሰው አለ?»

«አዲሱን ፕሪንተር ሲያስገቡ ልጆቹ የሆነ ቁጥር ጽፈውበት ነበር።»

ነገሩ ተፈታ። ቢሮ አድራሻ በራሱ የሚያድል መሣሪያ ስለሌለ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በእጅ ይጻፋል። ያ ቁጥር እቤትም ተከትሏቸው መጥቶ ላፕቶፑ እዚያ የሌለ መስመር ይፈልጋል። ዋይፋይና ኬብል ደግሞ የየራሳቸው ቅንብር ስላላቸው ዋይፋዩን አልነካውም።

የኬብሉን ቅንብር አድራሻ በራሱ እንዲቀበል ስመልሰው ወዲያው 192.168.1 የሚል ያዘ። ሞደሙን ፒንግ አደረግሁ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ መለሰ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግልን 8.8.8.8፣ መለሰ፤ በመጨረሻ የድረ ገጽ ስም ጻፍኩ፣ እሱም መለሰ። ቅደም ተከተሉን የምጠብቀው ሲቋረጥ የት ጋ እንደተቋረጠ ስለሚያሳየኝ ነው።

እዚህ ላይ ብተወው ግን ጋሼ በማግስቱ ቢሮ ሲገቡ ፕሪንተሩ እምቢ ይላቸው ነበር። ዊንዶውስ ለዚህ መላ አለው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ። አድራሻ በራሱ እንዲቀበል ሲደረግ ጎኑ ላይ ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ አድራሻ የሚያድል ካልተገኘ ብቻ የሚሠራ ተለዋጭ ቁጥር እዚያ ይጻፋል። የቢሮውን ቁጥር፣ ጌትዌዩን (ወደ ውጭ መውጫ በሩን) እና ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን) ወደዚያ አዛወርኳቸው።

እስካሁን የሚከነክነኝ የሱቁ ምክር ነው። ጋሼ ዩኤስቢውን ገዝተው ቢሆን ኖሮ ኔቱ ይሠራላቸው ነበር! አዲሱ ካርድ ምንም ስላልተጻፈበት አድራሻውን ከሞደሙ በራሱ ይቀበላል። እሳቸውም «እውነትም ተቃጥሎ ኖሯል» ብለው ያምናሉ፣ ባለሙያውም ለሚቀጥለው ደንበኛ ያንኑ ይደግማል። ጤነኛ ፖርት በሐሰት ተፈርዶበት ይቀራል፤ ሰውም ለማያስፈልገው ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል።

ጋሼ ደመወዙን ያን ቀን ማታ ከጠረጴዛቸው ላኩ። በማግስቱ ቢሮ ሆነው ደወሉ፤ «እዚህስ ዘገየ፣ ልንቀለው?» አሉኝ። ተለዋጩ የሚነሣው ላፕቶፑ አድራሻ ፈልጎ ሲያጣ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲታገሡት ነገርኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ፕሪንተሩ ማተም ጀመረ።