አንቀጽ በር ነው፦ ከድርሰት ክፍሌ የሦስት ወር ማስታወሻ

መስከረም ላይ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ድርሰት ስንት ክፍል አለው?» ብዬ ስጠይቃቸው በአንድ ድምፅ «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ!» አሉኝ። ወዲያው አንድ ገጽ አስጻፍኳቸው። ከ58ቱ ወረቀት አብዛኛው ከላይ እስከ ታች አንድ አንቀጽ ነበር። አልፈረድኩባቸውም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ ልጆቹ የክፍሎቹን ስም አጥንተው አንድም ድርሰት ሳይጽፉ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ጥቅምትን በሙሉ አስተዋጽኦ፣ ማለትም የድርሰቱን ሐሳቦች አስቀድሞ በቅደም ተከተል የሚዘረዝር ንድፍ፣ አስወጣኋቸው፤ ብዙም ፈቀቅ አላልንም። አስተዋጽኦውን አሳምረው ይጽፉና ድርሰቱን ሲጀምሩ ይረሱታል። መላውን ያመጣልኝ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አንድ ተማሪዬ ነው። «መምህር፣ አንቀጽ እኮ በግዕዝ በር ማለት ነው» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ቃሉን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኃይለ ቃሉን፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘውን ዓረፍተ ነገር፣ በር አደረግነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ጉዳይ የማይመለከተው ዓረፍተ ነገር ወደ ውስጥ አይገባም፣ የራሱን በር ይፈልጋል።

አንዲት ተማሪ ድርሰቷን «ስልክ ብዙ ጥቅምና ጉዳት አለው» ብላ ጀመረች።

«ይህን የሚቃወምሽ ማን ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ማንም» አለች። በማግሥቱ ይዛ የመጣችው ይህን ነበር፦ «ስልክ ትምህርት ቤት መግባት የለበትም፤ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውንም ሐሳብ ያናጥባል።» ስታነበው ከኋላ ወንበር ሦስት እጅ ተነሣ። ሁለት አንቀጽም ከዚያው ወጣ፤ አንዱ ስለ ባለቤቱ፣ ሌላው ስለ ጎረቤቱ።

አሁን ረቂቅ ሲያልቅ ወረቀት ይለዋወጣሉ። አንባቢው በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ ዋናውን ሐሳብ ከአምስት በማይበልጥ ቃል ያሰፍራል። ካቃተው፣ አንቀጹ ሁለት ሐሳብ ይዟል ወይም ምንም አልያዘም ማለት ነው። ማርክ አልሰጥበትም፤ ማርክ ሲኖር ጓደኛ ለጓደኛው ያደላል። ለ58 ተማሪ ከዚህ የተሻለ የማረሚያ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም።

የተቃራኒ ሐሳብ አያያዝ ግን ገና አልተሳካልኝም። «አንዳንዶች ስልክ ለማጥናት ይጠቅማል ይላሉ» ብለው ይጽፉና መልስ ሳይሰጡ «በአጠቃላይ» ብለው ይዘጋሉ። ጥር ላይ መጀመሪያ በቃል አከራክሬ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የተቃዋሚውን ንግግር በራሱ እጅ ጽፎ እንዲመልስለት ላደርግ አስቤአለሁ። ይህን የሞከራችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ክርክሩን ስንት ደቂቃ እንደሰጣችሁት ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል፤ የእኔ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነው።