አባዬና የተዘቀዘቀው ስክሪን
ባለፈው አባዬ ደወለና "ኮምፒውተሩ በጭንቅላቱ ቆመ" አለኝ። ስክሪኑ ተገልብጧል ማለቱ ነው፣ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና አልት ተይዞ የታች ቀስቷ ከተነካች ይገለበጣል፣ ኪቦርድ ሲወለውል ነክቷት ይሆናል። በስልክ ላስረዳው ብል ማውሱን ወደ ቀኝ ሲገፋው ወደ ግራ ይሄድበታል፣ እሱ ይናደዳል እኔ እስቃለሁ፣ በቃ በኢንተርኔት ከርቀት ኮምፒውተሩ ውስጥ ልግባለት አልኩ።

ግን በምን? የዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ ማዘዣው) እንዳልል የአባዬ ዊንዶውስ ሆም የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሆም ደሞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገባል እንጂ ሌላ ሰው አያስገባም፣ ፕሮ የሚባለው ዊንዶውስ ቢሆንም እኔ ስገባ የሱ ስክሪን ይቆለፍና ሌባ ገባ ብሎ ሶኬቱን ይነቅለዋል። ቪኤንሲ የሚባለው ሌላው የርቀት መግቢያ ደሞ ራውተር (የኢንተርኔቱ ሳጥን) ላይ ፖርት፣ ማለት መግቢያ በር፣ ክፈት ምናምን ሊያስብለኝ ነው። ረስትዴስክ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ስለሆነ እወደዋለሁ፣ የራስህን ሰርቨር (ሁለቱን የሚያገናኝ ኮምፒውተር) ሁሉ ማቆም ትችላለህ፣ ለአንድ ዝቅዝቅ ስክሪን ግን ሰርቨር አላቆምም። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ 12 አሃዝ ኮድ ይሰጥሃል፣ ኮዱ የሚሰራው ደሞ ለ5 ደቂቃ ነው፣ አባዬ በ5 ደቂቃ መነጽሩን አያገኝም። ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ቀሩ፣ አውርደህ ትከፍተዋለህ፣ የሚሰጥህን ቁጥር ለሚረዳህ ሰው ታነብለታለህ፣ አለቀ። ከሁለቱ አንዱን መረጥኩ። (ይሄን ቁጥር ደውሎ ለጠየቃችሁ ሁሉ እንዳታነቡ፣ አጭበርባሪዎችም የሚገቡት በዚሁ ነው።)

ማውረዱን እንዴት እንደቻለው አትጠይቁኝ። ቁጥሩ ላይ ግን ተያዝን፣ አንገቱን ጠምዝዞ ስለሚያነብ 6ቱን 9፣ 9ኙን 6 እያለኝ አልገናኝ አለ። በመጨረሻ "ቆይማ!" አለና ጠፋ። የሆነ ነገር ሲጎተት፣ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ተመልሶ ቁጥሩን እንደ ውዳሴ ማርያም አወረደልኝ፣ አክሴፕቱንም ራሱ ነካው፣ ገባሁ።

በኔ በኩል ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው፣ ያው የሚመጣልህ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ምስል እንጂ ሞኒተሩ ላይ ያለው አይደለም። ዲስፕለይ ሴቲንግ ገብቼ ኦሪየንቴሽኑን (የምስሉን አቅጣጫ) ወደ ላንድስኬፕ፣ ማለት ወደ ቀጥተኛው፣ መለስኩና ኪፕ ቼንጅስ አልኩ።

"ገለበጥክብኝ!" ብሎ ጮኸ።

መለስኩት። "እሺ፣ አሁን ልክ ነው" አለኝ። እንዴት ሆኖ? ሴቲንጉ ፍሊፕድ (የተገለበጠ) ይላል እሱ ልክ ነው ይላል፣ ደግሜ ባስተካክል ደግሞ ጮኸ፣ መለስኩለት፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ምስሉን የሚያሳየው ሶፍትዌር) ነው ብዬ እሱን ልቀይር ስል "እስቲ ቪዲዮ ክፈትልኝ" አልኩት።

ሞኒተሩ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፣ ከግራና ከቀኝ መጽሐፍ ተደርድሮለታል፣ አባዬ ፊት ለፊቱ ኮርቶ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ እሱን መልሰህ ገልብጠው እንጂ!"

"ልክ የሆነውን ነገር ለምን እነካዋለሁ? ይልቅ አንተ ውጣልኝ፣ ዜና ላንብብበት" አለና ኮኔክሽኑን ቆረጠብኝ።