የእትዬ ብልቃጥ

«ዶክተር፣ ያልከኝን መድኃኒት አገኘሁት!» አሉኝ እትዬ፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ።

ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ሐዋሳ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሶ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው። መጀመሪያ አካባቢ አርም ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ከፌስታላቸው አንድ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ፌስታሉ የዓሣ ጥብስ ዘይት ይሸታል።

«የቱን መድኃኒት እትዬ?»

«ረሃብን የሚቆልፈውን ነዋ! ራስህ አይደለህ የነገርከኝ?»

ክው አልኩ። አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት ነው። እትዬ አሞራ ገደል ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ቀኑን ሙሉ ምድጃው ላይ ቆመው ስለሚውሉ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግፊትም አለባቸው፣ ሐኪሙ ክብደት ይቀንሱ ብሏቸዋል። ያን ቀን የግፊት መድኃኒታቸውን አምሎዲፒን ሊወስዱ መጥተው «ምግብ የሚዘጋ ነገር የለህም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን በማታው የማስተርስ ክፍል አንጎል ውስጥ ረሃብን ትቀሰቅሳለች ስለምትባለው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ሴሚናር አቅርቤ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ሰው ባገኝ ሁሉ ላወራ አፌን እየበላኝ ነበር።

ለቀቅኩት። እ.ኤ.አ. በ1982 ስዊድን ውስጥ ታቴሞቶ እና ሙት የሚባሉ ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል አውጥተውታል ስል እትዬ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፣ ግን ማዳመጣቸውን አላቆሙም። 36 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ፣ ብቻ ያላት ትንሽ ሰንሰለት ናት አልኩ። ጠግቦ የተኛ አይጥ አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው ቦታ ላይ፣ ትንሽ ጠብ ሲያደርጉበት ተነስቶ እንደ አዲስ መብላት ይጀምራል። ይቺ ነገር ሥራዋን የምትሠራው ሪሴፕተር ላይ ገብታ ነው፣ ልክ ቁልፍ ጓጉንቸር ውስጥ እንደሚገባው። ሰው ውስጥ የሚሠሩት ጓጉንቸሮች ዋይ-1፣ ዋይ-2፣ ዋይ-4 እና ዋይ-5 ይባላሉ። የረሃቡ ዋናዋ ዋይ-5 ናት ተብሎ፣ እሷን የሚዘጋ መድኃኒት ተሠርቷል።

«ተሠርቷል?» አሉ።

«ተሠርቷል!»

ይህን ያልኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ውሸትም አልነበረም። ችግሩ ያነበብኩት እዚያ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው፣ ሴሚናሬም እዚያው ላይ ነበር ያለቀው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ብልቃጡን አነሳሁት። አረንጓዴ ቅጠል እና ወገብ ላይ የተጠመጠመ ሜትር ተስሎበታል። «100% ተፈጥሯዊ» ይላል። አዙሬ አየሁት፤ የአምራች ስም የለም፣ የባች ቁጥር የለም፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ እንኳ አልተጻፈበትም። በሰው በሰው ከውጭ ከምታስመጣ ሴት ነው የገዙት። ሴትዮዋን «የፋርማሲው ልጅ ያለኝ፣ ረሃብ የሚዘጋው አለሽ?» ሲሏት «እሱማ ይኸው» አለቻቸው። ምን ትበል ታዲያ፣ ነጋዴ ናት።

«ስንት ቀን ወሰዱት?»

«ዘጠኝ ቀኔ። ረሃቡስ እውነትም ጠፍቷል። እንቅልፍ ግን የለም፣ ልቤም ድው ድው ይላል።»

ግፊታቸውን ለካሁ። 178 በ104። አላመንኩም፣ በሌላው እጅ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ጋሼ፣ የፋርማሲው ባለቤት፣ ከውስጥ ወጥተው ብልቃጡን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ እኔን አላዩኝም። ባጃጅ ጠርተው፣ ብልቃጡንም ይዘው፣ ራሳቸው ሆስፒታል አደረሷቸው። አንድ ሌሊት አሳደሯቸው። ኪኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እንዲህ «ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በሚሸጡ የማቅጠኛ ኪኒኖች ውስጥ ግን ሲቡትራሚን ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልብ ላይ በሚያመጣው አደጋ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው።

ማታ ልንዘጋ ስንል ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ተሠርቷል ያልካቸው፣ የት ደረሰ?»

መልስ አልነበረኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ያላነበብኩትን አነበብኩ። ገና እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ጭራሽ የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው ነበር። በረሃብ ይሞታሉ ትላለህ አይደል? እንደ ማንኛውም አይጥ በሉ፣ እንደ ማንኛውም አይጥ ወፈሩ። ይልቅ ለሚጥል በሽታ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በ1998 ደግሞ ዋይ-5 የሌላቸው አይጦች ታዩ፣ እነሱ ጭራሽ ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ትንሽ ወፈር አሉ! እኔ ለእትዬ የረሃብ ጓጉንቸር ብዬ የሸጥኳት ያቺው ዋይ-5 ናት።

ሰው ላይም ተሞክሯል። ሜርክ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ዋይ-5ን የሚዘጋ ኪኒን ሠርቶ፣ 1661 ወፈር ያሉ ሰዎች በገቡበት የ52 ሳምንት ጥናት ተፈተነ፣ ውጤቱ በ2006 ወጣ። መድኃኒቱ ጓጉንቸሩን በደንብ ይዘጋል፣ በዚህ በኩል እንከን የለውም። መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲወዳደር ግን ልዩነቱ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሰውነታችን መብላትን የሚያህል ነገር ለአንዲት ጓጉንቸር አደራ አይሰጥም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መንገድ ይከፈታል። በዚያ ላይ የኒውሮፔፕታይድ ዋይ ሥራ ምግብ ብቻ አይደለም። ዋይ-1 የደም ሥር ያጠባል፣ ጭንቀት ላይም እጇ አለበት። ዋይ-2 በበኩሏ ለሚጥል በሽታ ሕክምና እየተጠናች ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከዚህ ቤተሰብ አንድ ቀን መድኃኒት ከወጣ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው እንጂ በሆድ በኩል አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ሴሚናር ላይ ይህን ሁሉ ጨመርኩበት። ጭብጨባው ቀነሰ።

እትዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። ግፊታቸው 142 በ88 ወርዷል። አምሎዲፒኑን ስቆጥር ዝም ብለው ቆዩና «እና ያ ቁልፍህስ?» አሉኝ።

«ሠርተውት ነበር እትዬ። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ በላይ ሰው በገባበት ጥናት ዓመት ሙሉ ተሞከረ። ሁለት ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ቀረ፣ ተዉት።»

«ሁለት ኪሎ?» አሉ፣ ኪኒናቸውን ፌስታሉ ውስጥ እየከተቱ። «ሁለት ኪሎማ ገበያው ሳይሞቅ በጠዋት የምሸጠው ቆሮሶ ነው።»